«ባንክ አይሰብርም» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ገንዘብ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች

ጥያቄ፦ በሥራዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ደብዳቤና ሪፖርት እተረጉማለሁ። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ገንዘብ የሚነካ ፈሊጥ ሲመጣ ግን እሳሳታለሁ። «ኢት ዎንት ብሬክ ዘ ባንክ» የሚለውን «ባንኩን አይሰብረውም» ብዬ ስተረጉም አርታኢው ምንም አልገባኝም ብሎ መለሰልኝ። ገንዘብ አልቆብኛል ለማለት ደግሞ «አይ አም ብሮክን» ብዬ ብጽፍ የሥራ ባልደረባዬ ደንግጦ ደወለልኝ። ለመሆኑ «መኒ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እስከ የት ድረስ ነው? ፈሊጦቹንስ ከመሸምደድ ሌላ መለያ መንገድ አላቸው?

ምላሽ፦ አላቸው። ዝርዝር መሸምደድ ብዙም የማይረዳው፣ ዝርዝሩ ትርጉሙን እንጂ አገባቡን ስለማይነግርዎ ነው። እርስዎ ላይ የደረሱት ስሕተቶችም ከዚሁ የመጡ ናቸው። በአንደኛው «ባንክ» የሚለው ቃል እርስዎ የሚያውቁት ባንክ አልነበረም፤ በሁለተኛው ደግሞ ጠቅላላ ጥፋቱ መጨረሻ ላይ የገባችው «ን» ናት።

ከመሠረቱ እንነሣ። የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ለገንዘብ ሦስት ሥራ ይሰጡታል፦ መገበያያ ነው፣ የዋጋ መለኪያ ነው፣ ሀብት ማቆያ ነው። ወደፊት የሚከፈል ዕዳ መለኪያነቱን አራተኛ አድርገው የሚቆጥሩም አሉ። በፈሊጥ ውስጥ ግን እነዚህ ሥራዎች እኩል ቦታ የላቸውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ገንዘብን በፈሊጥ ሲያነሣ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መለኪያነቱን ነው። የሚለካውም ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ የአንድ አስተያየት ትክክለኛነት፣ የተቃዋሚ ብርታት፣ የሰው ቃል እምነት የሚጣልበት መሆኑ ሁሉ በገንዘብ ይለካል። ስለዚህ ፈሊጥ ሲያጋጥምዎ አስቀድመው «እዚህ ላይ ገንዘቡ የሚከፈል ነው ወይስ የሚለካበት?» ብለው ይጠይቁ። የሚለካበት ከሆነ በአማርኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ገንዘብ» የሚለው ቃል ጨርሶ ባይገባ ይሻላል።

ስለ ቃሉ ስፋት ለጠየቁት፣ «መኒ» ከእኛ «ገንዘብ» ይጠባል። ቃሉ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ሞኔታ» የመጣ ነው። ሞኔታ የሮማውያን እንስት አምላክ የዩኖ ቅጽል ስም ነበር፤ የሮም ሳንቲም ማምረቻ በካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ከዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ ጋር ተያይዞ ይሠራ ስለነበር፣ ስሙ ከአምላኳ ወደ ማምረቻው፣ ከማምረቻው ወደ ሳንቲሙ ተላለፈ። እንግሊዝኛው እንግዲህ ከመነሻው የሚያስበው ተቆጥሮ የሚሰጥ፣ ተቆጥሮ የሚወሰድ ነገርን ነው። የአማርኛው «ገንዘብ» ግን የራስ የሆነን ነገር ሁሉ ይይዛል። «ገንዘብ አደረገ» ስንል የግሉ አደረገ ማለታችን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ሥጋን ገንዘቡ አደረገ» የሚባለውም በዚህ ስሜት ነው። የድሮ የኑዛዜ ጽሑፍ ላይ «ገንዘቡን ለልጆቹ አወረሰ» የሚል ቢያገኙ ከብቱም መሬቱም ሊኖርበት ይችላልና «መኒ» ብለው ቢተረጉሙት ውርሱን ያጎድሉታል። እዚያ የሚስማማው «ፕሮፐርቲ» ነው።

ሰዋስው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «መኒ» አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ዶላሩ ወይም ፓውንዱ ነው። የእኛ «ብዙ» ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ስለሚያገለግል «ሜኒ መኒ» የሚል ስሕተት ይደጋገማል። ትክክሉ «ማች መኒ» ወይም «ኤ ሎት ኦቭ መኒ» ነው። በውልና በሒሳብ ሰነድ ላይ «መኒዝ» የሚል ብዙ ቁጥር ካዩ ደግሞ የጽሕፈት ስሕተት እንዳይመስልዎ፤ ከተለያየ ምንጭ የመጡ ወይም ለተለያየ ዓላማ የተመደቡ ገንዘቦች ማለት ነው።

ጎረቤት ቃላቱም ያደናግራሉ። «ካሽ» ጥሬ ገንዘብ ነው። «ቼንጅ» መልስም ዝርዝርም ነው፤ «ኪፕ ዘ ቼንጅ» ሲሉ መልሱን ያስቀሩት ማለታቸው ነው። በጣም የሚያሳስተው «ቢል» ነው። ብሪታንያ ውስጥ በልተው ሲጨርሱ የሚጠይቁት ሒሳብ ነው፤ አሜሪካውያን ለዚያ «ቼክ» የሚለውን ያዘወትሩና «ቢል»ን ለወረቀት ገንዘብ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ «ኤ ሀንድረድ ዶላር ቢል» ባለ መቶ ዶላር ኖት እንጂ የመቶ ዶላር የክፍያ ሰነድ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ስሕተቶችዎ ልምጣ። ሁለቱም ከአንድ ግስ ቤት ናቸው፤ ከ«ብሬክ»። ይህ ግስ ገንዘብ ዙሪያ ሲገባ ቢያንስ አራት የተለያየ ሥራ ይሠራል፤ አማርኛው ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ይፈልጋል።

«ብሬክ ዘ ባንክ» የቁማር ቤት ቋንቋ ነው። እዚያ «ባንክ» የሚባለው ሕንፃው ወይም ድርጅቱ ሳይሆን አጫዋቹ ቤት ለአንድ ጠረጴዛ የመደበው የመክፈያ ገንዘብ ነው። ተጫዋች አሸንፎ አሸንፎ ያ ገንዘብ ሲያልቅ «ባንኩ ተሰበረ» ይባላል። በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ይህ ሲሆን ሌላ ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ይዘረጋ ነበር። ቻርልስ ዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1891 እዚያ ደጋግሞ ባንኩን በመስበሩ ስሙ ገነነ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው ትርጉም ከዚያ የወጣ ነው፦ የአንድን ሰው አቅም አሟጥጦ መጨረስ። ዝርዝሮች የማይነግሩዎት አገባቡን ነው። ፈሊጡ ዛሬ በአብዛኛው በአሉታ ይነገራል፤ ባለቤቱም ሰው ሳይሆን የሚገዛው ነገር ነው። «ኢት ዎንት ብሬክ ዘ ባንክ» እንግዲህ ለጓደኛ ሲሆን «ኪስ አይጎዳም»፣ ለሪፖርት ሲሆን «ወጪው ከአቅም በላይ አይሆንም» ነው። አርታኢዎ ይህን ቢያገኝ ኖሮ አይመልስልዎትም ነበር።

ሁለተኛው «ብሮክ» ነው። ድሮ «ብሮክን» ከሚለው ጋር እየተፈራረቀ የሚሠራ የዚሁ ግስ ቅርጽ ነበር፤ አሁን ለኪስ ብቻ ቀርቷል። «አይ አም ብሮክ» ካሉ ኪሴ ነጥፏል ማለት ነው። «አይ አም ብሮክን» ካሉ ግን ልቤ ተሰብሯል፣ ሐዘን ጥሎኛል ማለት ነው፤ ባልደረባዎ ደንግጦ መደወሉ ተገቢ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫም ይጠንቀቁ፦ «ሂ ኢዝ ብሮክ» የሚለውን «ከስሯል» ብለው አይተርጉሙት። «ብሮክ» የሆነ ሰው ደመወዝ እስኪወጣ ብቻ የተቸገረ ሊሆን ይችላል። መክሰር «ባንክረፕት» ነው፤ የሕግ ውጤት ያለው ቃል ስለሆነ በሰው ስም ላይ ያለ ቦታው መለጠፍ ጉዳት አለው። ብሪታንያውያን ለ«ብሮክ» በወዳጅ ወግ «ስኪንት» ይላሉ። ሁለቱንም ለባንክ ወይም ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ አያስገቧቸው።

ሦስተኛው «ብሬክ ኢቨን» ነው፦ ገቢና ወጪ እኩል ሆነ፣ ትርፍም ኪሳራም የለም። አራተኛው ገበያ ላይ የሚሰሙት «ካን ዩ ብሬክ ኤ ሀንድረድ?» ነው፦ መቶ ይዘረዝሩልኛል? ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለይቶ ይናገራል፤ ትልቁን ኖት ወደ ትንንሽ ማድረግ «መዘርዘር»፣ የውጭ ገንዘብን መለወጥ «መመንዘር» ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ቼንጅ» ማለት ስለሚችል ሲተረጉሙ የትኛው እንደሆነ ዙሪያውን አይተው ይወስኑ።

ውድነትን የሚናገሩት ፈሊጦች ብዙ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። «ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፣ ቃል በቃል «ክንድና እግር ያስከፍላል»፣ የሚናገረው ስለ ዕቃው ዋጋ ነው። ባለቤቱ ዕቃው ነው፤ ሻጩ አጭበረበረ የሚል ክስ የለበትም። «ፔይ ስሩ ዘ ኖዝ»፣ «በአፍንጫ መክፈል»፣ ባለቤቱ ከፋዩ ነው፤ ከሚገባው በላይ ከፈለ የሚል ቁጭት አለበት። «ዴይላይት ሮበሪ» ጣቱን ሻጩ ላይ ይቀስራል። የመጨረሻው «በጠራራ ፀሐይ መዝረፍ» ከሚለው አነጋገራችን ጋር ገጥሞ ሲታይ ያስደስታል፤ ነገር ግን የእኛው እውነተኛ ዝርፊያንም ስለሚናገር ዋጋ የሚለው ቃል አብሮት ካልተጻፈ አንባቢው የወንጀል ዜና ይመስለዋል። ለመጀመሪያው ከሁሉ የሚሻለው «ዋጋው አይቀመስም» ነው፦ ግነቱም አለ፣ ባለቤቱም ዋጋው ነው፣ ክስም የለበትም። ዋጋ ሲንር እንግሊዝኛው «ስሩ ዘ ሩፍ»፣ ጣራውን በስቶ ወጣ ይላል፤ እኛ «ጣራ ነካ» እንላለን። እነሱ ይበሱታል፣ እኛ እንነካዋለን፣ መልእክቱ አንድ ነው፤ ያለ ሥጋት አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል።

ስለ አፍንጫው ፈሊጥ አንድ ነገር ልጨምር። ዴንማርካውያን ግብር ያልከፈለን ሰው አፍንጫ ይሰነጥቁ ነበርና ከዚያ መጣ የሚል ወሬ በየቦታው ያገኛሉ፤ ማስረጃ የለውም። ስለ ገንዘብ ቃላት አመጣጥ የሚነገር ታሪክ ሲጣፍጥ ጥንቃቄዎን ይጨምሩ። «ሳለሪ» የሚለው የደመወዝ ስም ከላቲኑ የጨው ስም መውጣቱ እርግጥ ነው፤ የሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለው ግን በጥንት ጽሑፍ አልተደገፈም። በግርጌ ማስታወሻ እንዲህ ያለ ተረት የሚያስገባ ተርጓሚ የሥራውን እምነት ያሳጣል።

አሁን ገንዘብ የማይከፈልባቸው፣ የሚለካባቸው ፈሊጦች ጋ ደርሰናል። ብዙ ተርጓሚ የሚወድቀው እዚህ ነው። «ራይት ኦን ዘ መኒ» ማለት ልክ ነህ፣ ነጥቡን መታኸው ማለት ነው። «ፎር ማይ መኒ» በእኔ ግምት ማለት ነው፤ «በገንዘቤ» ብሎ የተረጎመው ሰው የሌለ ግዢ ይፈጥራል። «ዘይ ጌቭ አስ ኤ ራን ፎር አወር መኒ» የተባለው ቡድን ገንዘብ አልሰጠም፤ ብርቱ ተፎካካሪ ሆኖ ነው፣ በአማርኛ «በቀላሉ እጅ አልሰጡንም»። መነሻው የፈረስ ውርርድ ነው፤ ገንዘቡን ያስያዘ ሰው ፈረሱ ባያሸንፍለት እንኳ ጥሩ ሩጫ ያየበትን ሁኔታ ይናገራል። አሜሪካውያን «ማይ ቱ ሴንትስ»፣ «ሁለት ሳንቲሜ»፣ የሚሉት አስተያየትን ዝቅ አድርጎ ለማቅረብ ነው፤ «የበኩሌን ልበል» ይበቃዋል። በሐሳብ የተዋጠን ሰው «ኤ ፔኒ ፎር ዩር ሶትስ» ሲሉት ምን እያሰብክ ነው ማለታቸው ነው። ጆን ሄይዉድ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰብስቦ በ1546 ባሳተመው ሥራ ውስጥ ስላለ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዛሬም በወዳጅ መካከል ይነገራል።

ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብዎ «ፑት ዩር መኒ ዌር ዩር ማውዝ ኢዝ» ነው፦ «አፍህ ባለበት ገንዘብህን አድርግ»። ሐሳቡ የውርርድ ነው፤ እርግጠኛ ከሆንክ አስይዝ እንደማለት ነው። ፊት ለፊት በትእዛዝ ሲነገር ፈታኝ ነው፤ ለበላይ ወይም ለታላቅ ሰው ከተነገረ ድፍረት ነው። ስለ ሦስተኛ ወገን ሲነገር ግን ይለዝባል። አንድ ድርጅት «ሀዝ ፑት ኢትስ መኒ ዌር ኢትስ ማውዝ ኢዝ» ከተባለ ምስጋና ነው፦ ቃል የገባውን በበጀት አሳየ። ለፊተኛው «ወሬውን ተወውና በተግባር አሳየን» ተገቢ ነው፤ ለኋለኛው ያንን ቢጽፉ ምስጋናውን ስድብ ያደርጉታል።

የፔኒ ፈሊጦችን ለመረዳት አንድ ቁጥር ያስፈልግዎታል፦ 240። እስከ የካቲት 1971 አጋማሽ ድረስ አንድ የብሪታንያ ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ስለነበር ፓውንዱ 240 ፔኒ ነበር፤ ከየካቲት 15 ቀን 1971 ወዲህ 100 ነው። «ፔኒ ዋይዝ ኤንድ ፓውንድ ፉሊሽ» የተባለው ሰው እንግዲህ በአንዱ ሲጠነቀቅ 240 እጥፉን የሚያፈስ ነበር፤ ዘይት መለወጫውን ቆጥቦ ሞተር የሚያቃጥል ዓይነት። «ለሳንቲም ሲሳሳ ብሩን የሚያፈስ» ብንለው ይስማማል። «ኢን ፎር ኤ ፔኒ፣ ኢን ፎር ኤ ፓውንድ» ደግሞ ከጀመርኩ አይቀር እስከ መጨረሻው ማለት ነው። አንዳንዶች «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይሉታል፤ አልስማማም። የእኛው ኀፍረትንና እልክን ይዟል፣ እንግሊዝኛው ግን የመቁረጥ ንግግር ነው፣ ነውር የለበትም። «ከጀመርኩ አይቀር» የሚለው ተራ አነጋገር ይበልጠዋል።

ሁለት የፔኒ ፈሊጦች ከገንዘብ ጋር ዛሬ ምንም አያገናኛቸውም። «ዘ ፔኒ ድሮፕድ» ማለት ዘግይቶ ገባው ማለት ነው፤ ሳንቲም ሲጎርስ የሚሠራ መሣሪያ ውስጥ ሳንቲሙ ተሰንቅሮ ቆይቶ ሲወድቅ ሥራውን እንደሚጀምር ነው። «ስፔንድ ኤ ፔኒ» ደግሞ መጸዳጃ ቤት መሄድን በጨዋ ቋንቋ መሸፈን ነው፤ የብሪታንያ የሕዝብ መጸዳጃ በሮች በአንድ ፔኒ የሚከፈቱ ስለነበሩ። አሮጊቷ እንግዳ «አይ ኒድ ቱ ስፔንድ ኤ ፔኒ» ሲሉ ሱቅ የሚመራቸው አስተርጓሚ ያስቸግራቸዋል። ካናዳ ከ2013 ጀምሮ የአንድ ሳንቲም ገንዘቧን ማሰራጨት አቁማለች፤ ፈሊጦቹ ግን በአፍ ላይ እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ሳንቲሙ በአገልግሎት ላይ መኖር አለመኖሩ ለትርጉሙ አይጠቅምዎትም።

አሜሪካ ውስጥ «ዳይም» 10 ሳንቲም፣ «ኒክል» 5 ሳንቲም ነው። «ኤ ዳይም ኤ ደዝን» አሥራ ሁለቱ በ10 ሳንቲም፣ አንዱ ከአንድ ሳንቲም በታች ማለት ነውና የትም የሚገኝ፣ ዋጋ ያጣ ነገርን ይናገራል። ስለ ርካሽ ዕቃ ቢነገር ማሞገሻ አይደለም፣ ማቃለያ ነው። «ኒክል ኤንድ ዳይም» ሲሆን ግስ ነው፦ በትንንሽ ተጨማሪ ክፍያ ደንበኛን ማሰልቸት። «በክ» ዶላር ነው፣ ይሁንና «ፓስ ዘ በክ» ውስጥ ያለው «በክ» ዶላር አይደለም። በፖከር ካርታ ጨዋታ ካርታ የማደሉ ተራ የማን እንደሆነ የሚያመለክት ምልክት ነበር፤ ስለዚህ ፈሊጡ ኃላፊነትን ወደ ሌላ ማሻገር ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጠረጴዛቸው ላይ «ዘ በክ ስቶፕስ ሂር» የሚል ጽሑፍ ያስቀመጡት ኃላፊነቱ እዚህ ያበቃል ለማለት ነው። «ዶላሩ እዚህ ይቆማል» ተብሎ ሲተረጎም አለቃው ገንዘብ ወሳጅ ሆኖ ያርፋል።

የሒሳብ መዝገብ ፈሊጦች አጭር ናቸው፤ አንድ ወጥመድ ግን አላቸው። ኪሳራ በቀይ ቀለም፣ ትርፍ በጥቁር ይጻፍ ስለነበር «ኢን ዘ ሬድ» ጉድለት ላይ ነው፣ «ኢን ዘ ብላክ» ትርፋማ ነው። «ጥቁር ገበያ» የለመደ አእምሮ ጥቁሩን ለክፉ ይወስደዋል፤ እዚህ ጥቁሩ መልካም ነው። «ኩክ ዘ ቡክስ» የሒሳብ መዝገብን ማጭበርበር ነው፤ «ቡክስ» መጻሕፍት አይደሉም። «ቦተም ላይን» በገቢ መግለጫ ላይ ከመጨረሻው መስመር የሚገኘው የተጣራ ትርፍ ወይም ኪሳራ ነው፤ በንግግር ሲሆን «ዋናው ነገር» ነው። በአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሁለቱም ሊመጡ ይችላሉ፤ ቁጥር ካጀበው የመጀመሪያው፣ ምክንያት ካጀበው ሁለተኛው ነው።

አማርኛ ዝግጁ ፈሊጥ ሲኖረው ደስ ብሎን እንጠቀማለን፤ ያ ደስታ ግን ያሳስታል። «ሃንድ ቱ ማውዝ» እና «ከእጅ ወደ አፍ» ያለ እንከን ይገጥማሉ። «መኒ ቶክስ» እና «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» በቅርብ ይገናኛሉ። «ታይትን ዩር ቤልት» ግን ወጪ መቀነስ ነው፤ «ወገብን ጠበቅ ማድረግ» ደግሞ ለሥራ ወይም ለትግል መነሣት ነው፤ አንዱን በሌላው ቢተኩ የቁጠባ መመሪያው የዘመቻ ጥሪ ይሆናል። «ስሮው ጉድ መኒ አፍተር ባድ» ሲመጣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል አይቻለሁ። ያኛው በመከራ ላይ የተጨመረ መከራ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ፤ ይህ ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው ነው። አንድ ማሽን 50 ሺህ ወጥቶበት አልሠራ ሲል፣ የወጣው እንዳይባክን ተብሎ ሌላ 20 ሺህ ይጨመራል፤ የመጀመሪያው 50 ሺህ የማይመለስ መሆኑ ግን አልተለወጠም። ትርጉሙ «የጠፋውን ለማዳን ያለውንም ማጥፋት» ነው።

«መኒ ላውንደሪንግ» ለተርጓሚ ጥሩ ትምህርት ነው። «ገንዘብ ማጠብ» ብሎ ማስተላለፍ ይቻላል፣ በዜናም ይሰማል። የአማርኛው የሕግ ቋንቋ ግን ምስሉን ትቶ «በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» አለው። ረዝሟል፤ ነገር ግን ወንጀሉ ምን እንደሆነ ያልሰማ ሰው እንኳ ይረዳዋል። ለሕግና ለውል ይህንን መንገድ አጥብቄ እመክራለሁ።

«መኒ ኢዝ ዘ ሩት ኦቭ ኦል ኢቭል» የሚል ንግግር ካጋጠመዎ ከጥቅሱ ሦስት ቃል፣ «ዘ ላቭ ኦቭ» የሚለው፣ መጉደሉን ልብ ይበሉ። የጳውሎስ ቃል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» የሚል ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው መውደዱን ጥሎ ገንዘቡን ራሱን ከሷል። ተናጋሪው ያለውን መተርጎም ግዴታዎ ነው፤ የጥቅስ ምልክት አድርገው የጳውሎስን ሙሉ ቃል ካስገቡ ግን ያላለውን አናገሩት ማለት ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱም ተመሳሳይ ነው። «ገንዘቡን በላው» በአፍ ሲሆን «ሂ ፖኬትድ ኢት»፣ በአደራ የተቀበለውን ከሆነና ጽሑፉ መደበኛ ከሆነ «ኢምቤዝልድ» ነው፤ «ኤት» ብለው ከጻፉ ብዙ የብሪታንያና የአሜሪካ አንባቢ ወረቀቱን እንደጎረሰ ያስባል። ለአስተናጋጅ የሚሰጠው «ጉርሻ» «ቲፕ» ነው። «እጅ መንሻ» ግን ከመተርጎሙ በፊት ይጠየቅ፤ የአክብሮት ስጦታ ከሆነ «ጊፍት»፣ ጉቦ ከሆነ «ብራይብ» ነው፤ በተሳሳተው ቃል ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ጠረጴዛዎ ላይ ሆነው ሲሠሩ እንዲህ ያድርጉ። ፈሊጡን በመዝገበ ቃላት ሲፈልጉ በመጀመሪያው ቃል ሳይሆን በዋናው ስም ሥር ይፈልጉት፤ «ብሬክ ዘ ባንክ»ን በአብዛኛው «ባንክ» ሥር ያገኙታል። ለተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ከትርጉሙ አጠገብ የሚያስቀምጧቸውን ምልክቶች አይዝለሉ፦ የብሪታንያ፣ የአሜሪካ፣ የወዳጅ ንግግር፣ የድሮ። ከዚያ ምሳሌ ዐረፍተ ነገሮቹን አይተው ባለቤቱ ሰው ነው ወይስ ዕቃ፣ በአሉታ ነው ወይስ በአዎንታ የሚለውን ይለዩ። ለሪፖርትና ለውል ግልጽ ትርጉሙን፣ ለንግግርና ለተረክ አቻ ፈሊጡን ይምረጡ። ምስሉን እንዳለ መያዝ የሚያስፈልገው ጸሐፊው ራሱ ምስሉን ሲያራዝመው ብቻ ነው።

«ካሽ ካው»ን ለምሳሌ ይውሰዱ። ቃሉን በንግድ ዓለም ያስፋፋው ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በ1970 ያወጣው የምርቶች መመደቢያ ሠንጠረዥ ነው፤ እድገቱ ዝግ ባለ ገበያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ይዞ፣ ብዙ ሳይወጣበት ገንዘብ የሚያስገባን ምርት ይሰይማል። እኛ «የምትታለብ ላም» ስንል ሌሎች የሚበዘብዙትን ሰው ወይም ድርጅት የምናስብበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ በንግድ ሪፖርት ላይ «አስተማማኝ የገቢ ምንጭ» ይሻላል። ጸሐፊው ግን ቀጥሎ ላሟን ማን እንደሚያልባት፣ ማን እንደሚመግባት ከጻፈ ላሟ በትርጉሙ ውስጥ መቆየት አለባት። ወተቱ ቆመ ካለም አማርኛው ቃሉን አዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፦ ላሟ ነጠፈች።